ቆመው የቀሩ ሽማግሌዎች

አራት ነጥብ ከረጅምና ከተመሰገነ አገልግሎት በኋላ በክብር ጡረታ መውጣቱን የብሔራዊ ንግግር ቁጠባ ባለሥልጣን ለመላው ሕዝብ በታላቅ አክብሮት አስታወቀ። መግለጫው የተነበበው የማርሽ ባንድ ከተጫወተ፣ ተሰብሳቢውም ለተሰናባቹ የኅሊና ጸሎት ካደረሰ በኋላ ነው። ለሀገሪቱ ጽሑፍ ላበረከተው አስተዋፅኦ በወርቅ የተለበጠ ሜዳሊያ የተሸለመ ሲሆን፣ ተሸላሚው ራሱ ቀርቦ መቀበል ስላልቻለ ምክትል ዋና ዳይሬክተሩ በአንገታቸው አጥልቀውለታል። ነጠላ ሰረዝ ለጊዜው በሥራ ገበታዋ ላይ እንደምትቆይ፣ የጥያቄ ምልክት ጉዳይ ግን ገና በጥናት ላይ እንዳለ ተገልጿል። ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ አራት ነጥብ የሚዘጋው ዓረፍተ ነገር ካጣ ቆይቷል።

ዋና ዳይሬክተሩ በመዝጊያ ንግግራቸው «እነሆ ዛሬ…» ብለው ሲያቆሙ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያለቀሱም ነበሩ።

ዳይሬክተሩ ምን ብለው እንደጨረሱ ግን እሳቸው አያውቁም። በዚህ ዘመን የራሱን ንግግር መጨረሻ የሚያውቅ ሰው የለም። ተናጋሪው ይጀምራል፤ በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ያለችው፣ ሽንብራ የምታክለው ጨራሽ ቀሪውን በተናጋሪው ድምፅ ትሞላለች፤ አድማጩ ሙሉውን ይሰማል፣ ተናጋሪው አፉን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። «ምን አልኩ?» ብሎ መጠየቅ ሰው ፊት አፍንጫ እንደመጎርጎር ይቆጠራል።

ምንተስኖት ወልደሩፋኤል በከተማው ካሉት የውሃ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የአቤቱታ መስኮት ላይ ይሠራል። ሥራው ቀላል ነው። ሰው ይመጣል፣ «ውሃው…» ይላል፣ የምንተስኖት ጨራሽ ትቀጥላለች። የመሥሪያ ቤቱ ጨራሾች በአስተዳደሩ መልካም ፈቃድ ትንሽ ተስተካክለዋል፤ ስለዚህ እሱ የሚሰማው ‹ውሃው በሰዓቱ ስለሚመጣልን ከልብ እናመሰግናለን› የሚል ነው። እሱም «እኛም…» ብሎ ይመልሳል። ባለጉዳዮቹ በየጆሯቸው ምን እንደሚሰሙ አይታወቅም፤ ብቻ አብዛኞቹ ረክተው፣ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ይመለሳሉ። መሥሪያ ቤቱ አንድም አቤቱታ ያልቀረበበት ተብሎ በየዓመቱ ይሸለማል።

አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ከምሳ በፊት፣ ምንተስኖት የባለጉዳዩን ፊት ከሚሰማው ምስጋና ጋር ለማዛመድ ይሞክራል። የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ በጀሪካኑ መስታወቱን እየደበደበ እንዲህ ከልቡ የሚያመሰግን ሰው ይገርመዋል። ስሜታዊ ሕዝብ ነን፣ ብሎ ያስባል። ሐሳብ ገና በባለሥልጣኑ ሥር ስላልዋለ ይህን የሚጨርሰው ራሱ ነው።

ከኤፍራታ ዘርጋው ጋር የተዋወቁትም በዚያው መስኮት ነው። ጀሪካን ይዛ መጣች፣ «ውሃው…» አለች፣ እሱም ምስጋናዋን ተቀብሎ ሲያበቃ ከሥራ ሥነ ምግባር ውጪ በሆነ መንገድ «ዓይንሽ…» አላት። ኤፍራታ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ቀጥሎ ያው የተባለለት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲህ አብረው ናቸው። «አንቺ እኮ…» ይላታል፣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «ያን ቀን…» ይላታል፣ ትከሻው ላይ ትደገፋለች። ምን እያላት እንደሆነ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። አንዳንዴ ብቻውን ሲሆን በዚያ አነጋገሩ ባማረለት፣ በጆሮዋ ውስጥ በሚኖረው ምንተስኖት ይቀናል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠው «እንጋ…» አላት።

ኤፍራታ አቀፈችው። ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ግራ ቀኟን አየች፣ አጠገባቸው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠች፣ ጎንበስ ብላም እንዲህ አለችው፦

«አባቴ ጨራሽ ስለማያደርግ፣ የምትልካቸው ሽማግሌዎች የመጡበትን ጉዳይ በገዛ አፋቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካልተናገሩ እኔን አይሰጥህም።»

ምንተስኖት በድንጋጤ ብድግ አለ። መሀል መናፈሻ ውስጥ ቀሚሷን ያወለቀች ያህል ዙሪያውን ቃኘ። ጨራሹ የምትሞላው አጥታ ጆሮው ውስጥ ጭር አለች።

«አንቺ…» አለ።

«አዎ፣ እጨርሳለሁ» አለች ኤፍራታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ቤታችን ውስጥ የምናወራው እንደዚህ ነው። እባክህ ለሰው እንዳትናገርብኝ።»

አባቷ አቶ ዘርጋው እንግዳሰው ዳኛ ነበሩ። በደጉ ዘመን የሚያነቡት ፍርድ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቅ ነበር፤ ተከሳሽ ጉልበቱ እየራደ፣ ጠበቃ ላቡን እየጠረገ፣ ዘመድ አዝማድ እጁን አፉ ላይ ጭኖ የመጨረሻዋን ቃል ይጠብቃል። ወህኒ መውረድና ቤት መግባት የሚለዩት እዚያች ጫፍ ላይ ነው። ጨራሽ ፍርድ ቤት በገባች ሰሞን አንድ ቀን «ተከሳሹ በቀረበበት ማስረጃ…» አሉና ለማሳል ቆም አሉ። ስለው ቀና ሲሉ ተከሳሹ የለም፤ ወስደውታል። «ነፃ…» ብለው ጮኹና በድንጋጤ ትንፋሽ አጠራቸው። በፖሊሶቹ ጆሮ ውስጥ ጨራሽ ቀጠለችላቸው፦ ‹ነፃና ገለልተኛ ፍርድ ሰጥቻለሁ›። ፖሊሶቹ እጅ ነሥተው ወጡ። ሰውየው እስኪፈታ ክረምቱ አለፈ።

አቶ ዘርጋው በዚያው ቀን ጨራሻቸውን ሽንት ቤት ውስጥ ጥለው ውሃ ለቀቁባት። ውሃ ስላልነበረ ባልዲ አምጥተው ደገሙት። ሥራቸውንም በማግሥቱ ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሳቸው ጋር ሊፍት ውስጥ ላለመገናኘት ደረጃ ይወጣል። «እንደምን…» ሲሏቸው «እንደምን ምን?» ይላሉ። የበሩ ጥበቃ «ዛሬ ደግሞ…» ያለ ዕለት «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ? ንገረኝ እንጂ! ቆሜ እየጠበቅሁህ እኮ ነው!» ብለው ጥበቃው ፈረቃ እንዲቀየርለት እስኪለምን አድርሰውታል። ጎረቤቱ ጆሯቸው ታሟል ይላል። ደግ ደጉ ሰው እርጅና ነው ይላል።

ምንተስኖት ሽማግሌዎቹን በጥንቃቄ መረጠ። አንደኛው አጎቱ ጋሽ ተካልኝ ናቸው፤ በሠፈሩ በሳቸው አፍ ያልተጋባ የለም፤ «ልጅዎን…» ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። ሁለተኛው ዶክተር ሽመክት፣ የዶክትሬት ጥናታቸውን በዓረፍተ ነገር ላይ የሠሩ ምሁር ናቸው። ጥናቱ ትራስ የሚያህል ሲሆን፣ እሳቸው የጻፉት የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መነሻ ነው። ሦስተኛው የንስሐ አባቱ ቄስ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ጸሎት በቃላቸው ስለሚያውቁ አንድን ነገር ከዳር እስከ ዳር ሲናገሩ የሚታዩ ብቸኛው ሰው ነበሩ።

ልምምዱ በጋሽ ተካልኝ ሳሎን ተጀመረ። «ዓረፍተ ነገር ማለት…» ብለው ዶክተር ሽመክት መግቢያ ሰጡ፤ ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ተካልኝ ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ «ልጅዎን…» አሉ። ቄሱ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዶክተሩ አጨበጨቡ። እንዲህ እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመዱ፣ በየቀኑም እየተሻሻሉ ሄዱ።

ዓርብ ዕለት ምንተስኖት አንድ ነገር ትዝ አለውና ጆሮውን እያመለከተ «እስቲ…» አለ። ሁሉም ጨራሾቻቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጅዎን…» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

ጭር አለ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት።

«ይቀጥሉ» አለ ምንተስኖት።

«ጨረስኩ እኮ!» አሉ ጋሽ ተካልኝ ተቆጥተው።

ዕቅዱ ያን ጊዜ ተለወጠ። ብቻውን ሊሸከመው የሚችል ስላልተገኘ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ቁም ሳጥን ለሦስት ሊያወጡት ተስማሙ። ጋሽ ተካልኝ ከፊት «ልጅዎን ኤፍራታን» ይላሉ፤ ዶክተሩ ከመሀል «ለልጃችን ለምንተስኖት» ይላሉ፤ ቄሱ ከኋላ ሆነው «እንዲሰጡን ልንለምን መጣን» ብለው ያሳርፉታል። ዶክተሩ መሀሉን እየጣሉ፣ ቄሱም «መጣን» ላይ ሲደርሱ «አሜን» እያሉ አስቸገሩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሙሉው ወጣ። ተቃቀፉ። ጋሽ ተካልኝ ቁም ሳጥን ፎቅ አድርሶ እንዳሳረፈ ሰው ወንበራቸው ላይ ተዘረሩ።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ተነሡ፤ ምንተስኖት እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ሸኛቸው። ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና አይገባምና ታች ካለው ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ሊጠብቅ አዘዘ። «አቮ…» ቢል ፓፓያ መጣለት። ሽማግሌዎቹ ጨራሽ የተገጠመለትን ሊፍት «ወደ…» ሲሉት ብዙ ሰው ወደሚሄድበት ወደ ስፖርት ቤቱ ወሰዳቸው። ደግመው ቢሉት ደግሞ ወሰዳቸው። የቀረውን በእግራቸው ወጡት።

በሩን የከፈቱት አቶ ዘርጋው ራሳቸው ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም!» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። አቶ ዘርጋው ወጉ በመጠበቁ ደስ ብሏቸው እሳቸውም ቆሙ፤ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም።

«ምነው? ምን ጉዳይ ገጠማችሁ?»

ጋሽ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ኤፍራታን» አሉ ጥርት አድርገው፤ ተራውን ለማሳለፍም ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

ዶክተር ሽመክት ፈገግ ብለው አዩአቸው እንጂ አልተናገሩም። ሦስቱም ጠዋት ሲለብሱ፣ ካልሲ እንደሚያደርግ ሰው ሳያስቡት ጨራሻቸውን ጆሯቸው ውስጥ መልሰው ነበር። ስለዚህ ዶክተሩ በጋሽ ተካልኝ ድምፅ ሙሉውን ጥያቄ፣ ያውም ከነማጣፈጫው ሰምተዋል። ምን ቀረ? ቄሱም ሰምተዋል። «አሜን» አሉ።

«ልጄን ኤፍራታን ምን?» አሉ አቶ ዘርጋው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የተጠየቀ ሰው እንዲህ ሲደርቅ አይተው አያውቁም።

«መልስዎን…» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

«መልሴን ምን?»

«እየጠበቅን…»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው!»

እናም ጠበቁ። የሚለምኑት ለምነናል ብለው፣ የሚለመኑት ገና አልተለመንኩም ብለው፣ ሁሉም በወጉ መሠረት ቆሙ። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ መጀመሪያ ምንጣፉ ላይ ነበረች፣ ሶፋው ላይ ወጣች፣ ሶፋውን ጨርሳ ግድግዳውን ያዘች። ሶፋው ከፋይ የለበሰ፣ ውስጡ የሚያሰምጥ ዓይነት ነው። ዶክተር ሽመክት ላለማየት ቢሞክሩም ዓይናቸው ተመልሶ እሱው ላይ ያርፋል። መቋሚያ የያዙት ቄሱ ብቻ ስለነበሩ ከሁሉም የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ፤ ጋሽ ተካልኝም አንዴ መቋሚያውን ለመበደር እጃቸውን ዘርግተው ቄሱ ወደ ሌላኛው ጎን ሲያዞሩት ታይተዋል።

ቄስ ልሳነወርቅ አንድ ሙከራ አደረጉ። «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩና ሳያቋርጡ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው ደረሱ። አቶ ዘርጋው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አብረው ጸለዩ።

«አሜን» አሉ ሲያበቃ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ልጄን ግን አሁንም አልጠየቁኝም።»

ጓዳ በር ላይ ቆማ የምታየው ኤፍራታ የአባቷ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ መጀመሩን አስተዋለች። ስልኳን አነሣች።

«ሽማግሌዎችህ ቆመው ሊያልቁ ነው። አባቴም ሊወድቅ ነው፣ አይቀመጥም እንጂ። ውጣና ራስህ ተናገር።»

«ወጉ…» አለ ምንተስኖት በፓፓያው ላይ እንዳቀረቀረ።

«ወጉ ምን?» አለች ኤፍራታ። እንዲህ ብላው አታውቅም።

ደረጃውን ሲወጣ ያሰበው ስለ ወጉ አልነበረም። እስከ ዛሬ የወደደችው አነጋገሩን ከሆነ፣ አነጋገሩ የሱ አይደለም። አቶ ዘርጋው ፊት አፉን ሲከፍት ደግሞ የምትሰማው እሷም ናት።

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲገባ ጋሽ ተካልኝ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«አንተ…» አሉት።

‹አንተ የኔ ጀግና፣ እንኳን መጣህልን› አለች የምንተስኖት ጨራሽ፣ በአጎቱ ድምፅ። የአጎቱ ፊት ግን ጀሪካን ይዞ መስታወት የሚደበድብ ሰው ፊት ነበር። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። ምንተስኖት ያን ፊት አወቀው። ለዓመታት በመስኮት በኩል ያየው ፊት ነው። እጁን ሰድዶ ጨራሹን ከጆሮው አወጣ፤ ያን ጊዜ የሰማው የአጎቱን ጥርስ መፋጨት ብቻ ነበር።

ኤፍራታ ከጓዳ ወጣች። ደጅ ስትወጣ የምታደርጋትን የሷንም ጨራሽ ከኪሷ አወጣችና እንግዶቹ ሳይነኩት የቀረ ብርጭቆ ውስጥ ጣለቻት። ቅጭል አለች። ምንተስኖት ያላትና የማያውቀው ያማረ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«እኔ…» አለ ምንተስኖት።

«አንተ ምን?»

«እኔ ምንተስኖት…» ላብ አጠመቀው። «…ነኝ።»

«ይኸው! ተቻለ። ቀጥል።»

«ልጅዎን ኤፍራታን…» አለ፣ ልማድ ሆኖበትም ቆመ። ከኋላው ጋሽ ተካልኝ የሰሙት ነገር ልባቸውን ነክቶት ሲንሰቀሰቁ ተሰማ። ምንተስኖት ዞሮ አላያቸውም። ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ፣ እንደ ቁም ሳጥን ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ በሁለት እጁ ይዞ ቀጠለ፦

«…ጋሼ፣ በመስኮት በኩል ያወቅኋትን፣ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ ተናድዳ ይሁን አመስግና እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋትን፣ ዓይንሽ ብዬ ቀሪውን ሳልሰማው ያለቀሰችልኝን፣ ከዚያ ወዲህም እኔ ጀምሬ የተውኩትን ሁሉ ሌላ እየጨረሰልኝ፣ እሷ የኔ መስሏት ስትወደኝ፣ እኔም የኔ መስሎኝ ስኮራ የኖርኩባትን፣ ያ የተናገረላት ሰው እኔ አለመሆኔንና እንደሱ አሳምሬ መናገር እንደማልችል፣ ይህን ስትሰማም ልትተወኝ እንደምትችል እያወቅሁ፣ ግን ደግሞ ስትስቅ እንደ… ስትስቅ እንደ ሊፍት ስለምትሆንብኝ፣ እንዲሰጡኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

አለቀ። ምንተስኖት ራሱ ማለቁን ለማመን ጥቂት ቆየ።

«ሊፍት?» አሉ አቶ ዘርጋው።

ኤፍራታ ብርጭቆውን አየች፣ እሱን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። አፍንጫዋ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ድምፅ አወጣ፣ ሊያመልጣት ሲል በመዳፏ ያዘችው፣ ከዚያ አልቻለችም፤ የበሩን መቃን ተደግፋ፣ ትከሻዋ እየተናጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቄሱ ወደ ምንተስኖት ዞር ብለው ልጅቱ ታማ እንደሆን በዓይናቸው ጠየቁት።

አቶ ዘርጋው ልጃቸው እስክትበቃት ጠበቁ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፃቸውም የዱሮው የችሎት ድምፅ ሆነ።

«አመልካቹ ሽማግሌ ልኮ ሳለ ወጉን ጥሶ ራሱ የገባ መሆኑ፣ ሽማግሌዎቹም አቤቱታውን ጀምረው ሳይጨርሱ መልስ ስጠን ብለው ያስቸገሩ መሆናቸው፣ እንዲሁም የአመልካቹ መተዳደሪያ ውሃ በሌለበት ስለ ውሃ ምስጋና መቀበል መሆኑ ሲታይ…»

ሳል መጣባቸው። ቆም ብለው ሳሉ።

ጋሽ ተካልኝ በጨራሻቸው ‹ልጄን ሰጥቻለሁ› ሲሉ ሰምተው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ዶክተር ሽመክት ‹ውጡልኝ› ሲሉ ሰምተው በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። ቄስ ልሳነወርቅ ‹ምሳ ቀርቧል› ሲሉ ሰምተው እጃቸውን ለመታጠብ ወደ ጓዳ አቀኑ።

«ተነሡ!» ብለው ጮኹ አቶ ዘርጋው። «ተመለሱ! አልጨረስኩም!»

ጋሽ ተካልኝን ከሶፋው ለማውጣት ምንተስኖትና ዶክተሩ ግራና ቀኝ ያዟቸው። ኤፍራታ በትሪ ዞራ የሦስቱንም ጨራሽ ሰበሰበች። ያለ ጨራሽ ቆመው፣ ራቁት ጆሯቸውን ይዘው፣ የሰው አፍ እያዩ ጠበቁ።

«…ሲታይ» ቀጠሉ አቶ ዘርጋው፣ «ጥያቄው ውድቅ መሆን የሚገባው ቢሆንም፣ አሁን ልጄ እናቷ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ሁኔታ ስትስቅ ያየሁ ስለሆነ፣ ላሳቃትም ነገር ከዚህ ልጅ በቀር በዓለም ላይ ማንም ሊናገረው የማይችል ቂልነት መሆኑን ስለተረዳሁ፣ እሷ ከፈቀደች…»

እዚህ ላይ አውቀው ቆሙ። ዶክተር ሽመክት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የጋሽ ተካልኝ ጉልበት ይርድ ጀመር። ቄሱ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የምንተስኖት ላብ በአገጩ ጠብ አለ። አቶ ዘርጋው እንዲህ የጠበቃቸው ሰው ካዩ ብዙ ዘመን ስለሆነ ትንሽ አቆዩአቸው።

«ፈቅጃለሁ አባዬ» አለች ኤፍራታ። «ጨርሰው፤ ሰዎቹ ሞቱ እኮ።»

«…ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የተሰማው ድምፅ ከታች ያለው ቤት ጣሪያውን እንዲያንኳኳ አድርጎታል።

ምንተስኖት በማግሥቱ ሥራ የገባው ጨራሹን ሳያደርግ ነው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ «ውሃው…» አለች። ምስጋናው አልመጣም።

«ውሃው ምን?» አላት።

ሴትየዋ ደነገጠች። ጀሪካኗን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ኮስተር አለች፣ ከብዙ ምጥ በኋላም «…የለም!» አለች። ወዲያው «ከፋሲካ ጀምሮ የለም!» ብላ ጨመረች፤ ከአፏ በወጣው ራሷ ተገርማ ወደ ኋላዋ ዞረች። ሰልፉ ውስጥ ያሉት አንድ በአንድ ጆሯቸውን መነካካት ጀመሩ። እስከ ረፋድ ድረስ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ያዘ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም የዘንድሮውን ሽልማት በዓይነ ኅሊናቸው እየተሰናበቱ በመጋረጃ ሥር ያዩ ነበር።

ሰልፉን ጥሶ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ። ደረቱ ላይ የባለሥልጣኑ ዓርማ አለ።

«ትናንት…» አለ።

«ትናንት ምን?»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። መታወቂያውን አሳየ። ምንተስኖት መታወቂያውን በትሕትና አይቶ አሁንም ጠበቀ። ሰውየው ከረባቱን አላላ። ከሦስት ሽማግሌ ጆሮ የተሰበሰቡት ጨራሾች ትናንት ከቀትር ጀምሮ ተበላሽተዋል፤ የሰው ልጅ ከተናገረው ሁሉ ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር ሰምተው፣ እሱን ሲፈልጉ ሥራቸው ተዛብቷል። ለጋሽ ተካልኝ የተመለሰችላቸው ጨራሽ እስከ ዛሬ ጠዋት ሰው «ደህና…» ባላቸው ቁጥር ‹ደህና ሊፍት› ትላቸው ነበር። ባለሥልጣኑ ትርጓሜውን ይፈልገዋል። ትርጓሜው ከተገኘ ጨራሽ ትማረዋለች፤ ከተማረችው ደግሞ ከነገ ወዲያ ጀምሮ የሀገሪቱ ወንድ ሁሉ «ስትስቂ…» ባለ ቁጥር የሀገሪቱ ሴት ሁሉ ‹እንደ ሊፍት› ይባልላታል። ይህን ሁሉ ሰውየው ያስረዳው «ለሕዝብ…»፣ «ለልማት…»፣ «ባንተ ስም…» እያለ ሲሆን፣ ምንተስኖት እያንዳንዱን «ምን?» እያለ ቃል በቃል አስወልዶታል።

በመጨረሻ ሰውየው መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። ግንባሩ ወዝቷል። ከኋላው ባለ ጀሪካኖቹ ፀጥ ብለው፣ እየተጋፉ፣ ይሰማሉ። በዕድሜው የመጀመሪያ የሆነውን ሙሉ ጥያቄ እንደ ድንጋይ አንዱን ባንዱ ላይ እየጫነ አወጣው።

«ስትስቅ… እንደ ሊፍት… ማለትህ… ምን ማለትህ ነው?»

«ጎበዝ!» አለች ከሰልፉ አንዷ።

ምንተስኖት ሰውየውን አየው። ኤፍራታ እንኳን አልጠየቀችውም። ትናንት ስትሸኘው ሊፍቱ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፣ በሩ ሲዘጋ ዓይኑን አይታ እንደገና ሳቀች፣ ሊፍቱም ተነሣ።

«አላብራራም» አለ።

ሰውየው ቀሪውን ጠበቀ። ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ጨራሹ ጥቂት ጠጠር የመሰለ ድምፅ አሰማችና ዝም አለች።

«አላብራራም… ምን?» አለ ሰውየው።

«አላብራራም።»